የጠፋችው «ሰ»፦ የአንድ ሳሎን ትዊተሮች ልኬትና ንጽጽር

ጋሼ የደወሉልኝ ስለ ስፒከር ብለው አልነበረም። «ጆሮዬን ማስመርመር ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ ሬዲዮ ላይ ‹ሰ› እና ‹ፈ› ተቀላቅለውብኛል» ነው ያሉኝ። ዕድሜያቸው 71 ስለሆነ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሯቸውን ነበር። ወዲያው ግን አንድ ነገር አከሉ፦ «ሸክላ ሳዳምጥ ደግሞ ማሲንቆው ወደ ግራ ይሸሽብኛል።» «እስቲ ጋሼ፣ ወንበሩን ያዙሩና ጀርባዎን ለስፒከሮቹ ሰጥተው ያዳምጡልኝ» አልኳቸው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት፣ ወንበሩ ሲንኳኳ፣ ሸክላው እንደገና ሲጀምር ይሰማኛል። ተመልሰው አነሱትና «አሁን ወደ ቀኝ ዞረ» አሉኝ። ጥፋቱ የጆሮ ቢሆን ፊታቸውን ወደየትም ቢያዞሩ ማሲንቆው በግራቸው በቀረ ነበር። የታመመው የቀኙ ስፒከር ነው ማለት ነው።

ቤታቸው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ሳሎኑ 4 ሜትር በ5 ሜትር ይሆናል፤ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ። ከቡፌው ግራና ቀኝ የቆሙት ስፒከሮች ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። እያንዳንዱ ሳጥን ለወፍራሙ ድምፅ አንድ ዎፈር፣ ለቀጭኑ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሐር ጉልላት ትዊተር አለው። ሁለቱ ሥራ የሚከፋፈሉት 3,000 ሄርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 3,000 ጊዜ በሚርገበገብበት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው ለዎፈሩ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለትዊተሩ ይደርሳል።

የፊደሎቹ መቀላቀል የሚመጣው ከዚህ ነው። «ሰ» እና «ፈ» በአፍ ውስጥ የሚፈጠሩበት ቦታ የተለያየ ቢሆንም ሁለቱም ትንፋሽ ናቸው፤ ጆሮ የሚለያቸው በዋናነት ከላይኛው፣ ከቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ብቻ ያሳልፍ ስለነበር ነው ስም ስንናገር «‹ሰ› ነው እንጂ ‹ፈ› አይደለም» እያልን ማብራራት ግድ ይሆንብን የነበረው። የጋሼም የቀኝ ስፒከር ስልክ ሆኖ ነበር። «ጸ»፣ «ጨ»፣ «ጠ»ን የመሳሰሉት የሚፈነዱ ፊደሎቻችን ደግሞ ድንገት ተነስተው ድንገት የሚቆሙ ድምፆች ናቸው። ትዊተር ከዘገየ ጫፋቸው ይደፈናል።

እኔ ከመሄዴ በፊት ስፒከሩን አንድ ጥገና ቤት አይቶት ነበር። ባለሙያው ቴስተሩን በትዊተሩ ሁለት ጫፎች ላይ አድርጎ 5.8 ኦም አነበበ፤ «ትዊተሩ ደህና ነው፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ነው የደከመው» ብሎ መለሳቸው። እኔም ስለካው 5.8 አገኘሁ፤ የግራው 5.7 ነው። ለ8 ኦም ትዊተር ሁለቱም ጤነኛ ቁጥሮች ናቸው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው የመዳብ ሽቦው አልተበጠሰም የሚለውን ብቻ ነው። ጉልላቱ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ፣ ኮይሉ፣ ማለትም ጉልላቱን የሚነዳው የተጠመጠመ ሽቦ፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ይላወስ ወይም ይጣበቅ፣ ቴስተር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህንን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ደህና ዕቃ በዚህች አንዲት ቁጥር ሲጣል፣ ብዙ የሞተ ዕቃ ደግሞ በዚህችው ቁጥር «ደህና ነው» ሲባል ስላየሁ ነው።

የልኬት መሣሪያዬ ቀላል ነው፦ ላፕቶፕ፣ በነፃ የሚገኘው «ሩም ኢኪው ዊዛርድ» የሚባለው ፕሮግራም፣ እና የራሱ የእርማት ፋይል ያለው «ዩሚክ-1» የተባለ የዩኤስቢ ማይክ። ፕሮግራሙ ከወፍራም ጀምሮ ወደ ቀጭን የሚወጣ አንድ ረጅም ፉጨት ያጫውታል፤ ማይኩ የሰማውን ተቀብሎ በየትኛው ድምፅ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንደወጣ በመስመር ይስላል።

በመጀመሪያው ምሽት ምንም ሳልፈታ ሁለቱን ሳጥኖች እንዳሉ ለካሁ። እስከ 2,000 ሄርዝ ድረስ መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የቀኙ ቁልቁል ወረደ፤ ከ3,000 እስከ 8,000 ሄርዝ ባለው ክልል ከግራው በ7 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ያንሳል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱና ጣታቸውን መስመሩ የወደቀበት ቦታ ላይ አድርገው «ይቺ ናት የኔ ‹ሰ›» አሉ።

ቀጥሎ የግራውን ትዊተር ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩ። ወጪ የለውም፣ ብሎን ፈትቶ ማሰር ብቻ ነው፤ ከዚያ ምሽት ሥራ ሁሉ ብዙ ያስተማረን ግን ይኸው ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የትዊተሩ ቢሆን 7ቱም ዴሲቤል አብሮት ይዛወር ነበር፤ የሳጥኑ ቢሆን ባለበት ይቀር ነበር። የሆነው ግን 5 ያህሉ ከትዊተሩ ጋር ሄደ፣ 2 ያህሉ እዚያው ሳጥን ውስጥ ቀረ። ጥፋቱ ሁለት ነበር ማለት ነው። የቀረውን 2 ፍለጋ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁን ለዎፈሩና ለትዊተሩ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ አወጣሁት። ከትዊተሩ ፊት ተቀምጦ ወፍራሙን ድምፅ የሚያግደው ካፓሲተር 4.7 ማይክሮ ፋራድ የሚል ተጽፎበታል፤ ሲለካ ግን 3.4 ብቻ ቀርቶታል። የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር በዕድሜ ይደርቃል። አቅሙ ሲያንስ ደግሞ ከትዊተሩ ሥራ የታችኛውን ክፍል ይቆርጥበታል። የግራው 4.2 ነበረ፤ እሱም በመንገድ ላይ ነው።

«ታዲያ ትዊተሩን ቀይረውና እንገላገል» አሉ ጋሼ። ልጃቸው ከውጭ አገር የላከላቸው ጥንድ የቲታኒየም ትዊተር ከነመግለጫ ወረቀቱ በካርቶን ተቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ ከመርካቶ ስም የሌላቸው የሐር ጉልላት ትዊተሮች፣ ሁለት የሚያስፈልጉኝ ቢሆንም አራት ገዛሁ። ምናለሽ ተራ አንድ ሻጭ «ይሄ የሞተ ነው፣ በነፃ ውሰደው» ያለኝን የፒየዞ ትዊተርም ጨመርኩ። ፒየዞ ኮይል ስለሌለው ቴስተር ላይ ምንም አያሳይም፤ የተበጠሰ ይመስላል። ቤት ወስጄ ሳጫውተው ያፏጫል፣ በሽታ የለውም። ለዚህ ሥራ ግን አልሆነም፤ ከ5,000 ሄርዝ በታች ጉልበት የለውም፣ ከዚያ በላይ መስመሩ የእንጦጦን ተራራ ይመስላል፣ የጋሼ ክሮስኦቨርም ለእንደሱ ያለ ዕቃ አልተሠራም። እሱን በአንድ ልኬት ተሰናበትኩት።

ትዊተሮችን እርስ በርስ ለማወዳደር ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁኔታ መለካት አለባቸው። አናጢ ዘንድ ሄጄ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አስቆረጥኩ፣ ለትዊተሩ ቀዳዳ አስወጣሁበት፣ ፊቱም ጠርዙ ሳይወጣ ሳይገባ እኩል እንዲቀመጥ ዙሪያውን አስጎደጎድኩ። ትዊተርን ባዶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መለካት የጠረጴዛውን ነጸብራቅ መለካት ነው። ሰሌዳውን በሳሎኑ መሃል አቆምኩት፤ ትዊተሩም ማይኩም ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብለው፣ በመካከላቸው 1 ሜትር። ድምፁ በቀጥታ 1 ሜትር ሲጓዝ፣ ወለሉን መትቶ የሚመለሰው 2.6 ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ 1.6 ሜትር ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ የወለሉ ነጸብራቅ ከ4.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ይደርሳል። ፕሮግራሙን ከዚያ በፊት የመጣውን ብቻ እንዲቆጥር ሳዘው፣ ሳሎኑ የሌለ ያህል ይሆናል። ዋጋው ከ220 ሄርዝ በታች ያለውን አለማየት ነው፤ ለትዊተር ደግሞ አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች ነበሩ። ትዊተር ወፍራም ድምፅ ከተላከበት ኮይሉ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በልኬቱ ጊዜ ሁሉ 20 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አስገባሁ፣ ፉጨቱንም ከ1,000 ሄርዝ ጀመርኩ። ሌላው ቮልቴጁ ነው። የእኛ ርካሽ ቴስተሮች ኤሲን በትክክል የሚያነቡት በመብራት ድግግሞሽ፣ በ50 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ በ5,000 ሄርዝ ላይ የሚያሳዩት አይታመንም። ስለዚህ ትዊተሩን ነቅዬ፣ በአምፑ ላይ የ50 ሄርዝ ድምፅ ልኬ 2.83 ቮልት እስኪደርስ ቮልዩሙን አስተካከልኩ፣ በቮልዩሙ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፣ ከዚያ ነው ትዊተሩን የመለስኩት። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው ትዊተሩን ሊያጣ ይችላል።

ሥራው የተከናወነው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ቀን ላይ የሚኒባሱ ጡሩምባ፣ የግቢው ልጆች፣ የጎረቤት ሙቀጫ አያስችሉም። ፍሪጁን ነቅለን፣ ጋሼ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ሰው እንዳይገባ እየጠበቁ ለካን።

የቲታኒየሙ ወረቀት 91 ዴሲቤል ይላል። እኔ ያገኘሁት 88.7 ነው። ጋሼ «አታለሉን» አሉ፤ ላኪው ልጅም በስልክ ተቆጣ። ማንም አላታለለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ጉልላት ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ድምፁ በ2 ዴሲቤል ከምናምን ያንሳል። ወረቀቱ የተጻፈው ለሌላ አየር ነው። በትዊተርም በዎፈርም ላይ እኩል ስለሚደርስ ሚዛኑን አያናጋም፤ ነገር ግን የአንዱን ዕቃ ቁጥር ከወረቀት፣ የሌላውን ከራስ ልኬት ወስዶ የሚያወዳድር ሰው በዚሁ ሁለት ዴሲቤል ይሳሳታል።

የመርካቶዎቹ አራት ትዊተሮች ከአንድ ካርቶን ወጥተው አንድ አልሆኑም። አንደኛውና ሦስተኛው ከ2,500 እስከ 15,000 ሄርዝ በ1 ዴሲቤል ውስጥ ተመሳሰሉ። ሁለተኛው በ2,000 ሄርዝ አካባቢ ዝዝ የሚል ነገር ነበረው፤ ኮይሉ ግድግዳ ይነካል። የአራተኛው ሬዞናንስ፣ ማለትም ጉልላቱ ሲነካ በራሱ የሚያስተጋባበት ድምፅ፣ በሌሎቹ ላይ 980 ሄርዝ አካባቢ ሆኖ ሳለ በእሱ ላይ 1,400 ላይ ተገኘ። በዓይን ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው። ሁለቱን ስመልስ ባለሱቁ ሳይከራከር ገንዘቤን መለሰልኝ።

በዚሁ የሬዞናንስ ልኬት የጋሼን አሮጌ ትዊተሮች ሳያቸው ነገሩ ተገለጠ። ይህ ልኬት የሚከናወነው በአየር ሳይሆን በሽቦ ነው፤ ትዊተሩ በየድግግሞሹ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ይሳላል፣ ጤነኛ ጉልላት ሬዞናንሱ ላይ ጉብታ ያሳያል። የግራው ትንሽ ጉብታ ነበረው። የቀኙ ጠፍጣፋ ሜዳ ነበር። ጉልላቱ እንደ ልቡ አይላወስም ማለት ነው።

ሦስቱን ብሎኖች ፈታሁ። እንደዚህ ዓይነት ትዊተሮች በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ፌሮፍሉይድ የሚባል፣ ማግኔት የሚስበው ዘይት ይደረግባቸዋል፤ ኮይሉን ያቀዘቅዛል፣ እንቅስቃሴውንም ይገራል። አዲስ ሲሆን እንደ ምግብ ዘይት ይፈስሳል። በቀኙ ውስጥ ያገኘሁት ግን የደረቀ ሬንጅ ነው። በጥርስ መፈቅፈቂያ ስነካው ተሰነጠቀ፤ ኮይሉን በሱ ውስጥ ቀብሮት ነበር። ከዚያ የግራውን፣ ማለትም በልኬታችን ሁሉ «ደህናው» እያልን የቆየነውን ከፈትኩ። ውስጡ የክረምት ማር ይመስላል፤ መፈቅፈቂያው ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድ አለ። የመጀመሪያው ምሽት 7 ዴሲቤል የተቆጠረው ከጤነኛ ሳይሆን ከሌላ በሽተኛ ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ ይህን ባያሳየን ኖሮ ቀኙን ብቻ ቀይሬ በሁለተኛው ዓመት ለግራው እጠራ ነበር።

አዲስ ፌሮፍሉይድ በቅርብ አላገኘሁም። አንድ ወዳጄ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርግበት አለኝ፤ አላደረግሁትም፣ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። ማግኔት የማይስበው ዘይት ክፍተቱ ውስጥ አይቆይም፤ ወርዶ ጉልላቱን ያበላሻል። ስለዚህ ምርጫው በቲታኒየሙና በሐሩ ጥንድ መካከል ሆነ።

ሁለቱን ሳጥን ላይ አስረን መጀመሪያ እንዳሉ አዳመጥን። ጋሼም፣ የ16 ዓመት የልጅ ልጃቸውም፣ ሊያየን የመጣ ጎረቤትም ሁላችን ቲታኒየሙን መረጥን። ቲታኒየሙ ከሐሩ በ2 ዴሲቤል ይጮኻል፤ ጆሮ ደግሞ ትንሽ የጮኸውን የተሻለ ነው ብሎ ይወስዳል። በገበያ ውስጥ የሚደረገው ማዳመጥ ሁሉ የሚበላሸው በዚህች ነው። ስለዚህ ሁለቱን ኤሌክትሪክን በሚገታው በሬዚስተር ከግማሽ ዴሲቤል ባነሰ ልዩነት አስተካከልኳቸው። የጋሼ ባለቤት ስስ ነጠላቸውን ሰጡን፣ ስፒከሮቹን ሸፈንበት፤ ነጠላው ድምፅ ይበላ እንደሆነ ለካሁት፣ ከ1 ዴሲቤል በታች ሆኖ አገኘሁት። ከጀርባ ሆና ሽቦውን የምትቀያይረው የልጅ ልጃቸው ናት፤ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ጋሼም አያውቁም።

የዜና ንባብ፣ የማሲንቆ ሸክላ፣ እና ጋሼ ራሳቸው ከዓመታት በፊት በካሴት የቀዱት ጸናጽል ነበረን። ጸናጽልን ለትዊተር መፈተኛ ከምንም በላይ እወደዋለሁ። ብረቶቹ ሲነካኩ ድምፁ እንደ መርፌ ይወጣና በቀስታ ይቀልጣል፤ ደካማ ትዊተር ላይ ቁልፍ የሚንኳኳ ይመስላል። አሥር ጊዜ ተቀያየረ። ጋሼ ስምንቱን ጊዜ የመረጡት ሐሩን ነበር። ሳንቲም እየወረወረ የሚመልስ ሰውም ከመቶ አምስት ጊዜ ያህል ስምንትና ከዚያ በላይ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ማረጋገጫ አልለውም። ቦታ ተቀያይረው የልጅ ልጃቸው ስትሞክር አምስት ለአምስት ወጣ።

ከዚያ የሁለቱን ጆሮ ለካሁ፣ በቀላሉ፣ እየቀጠነ በሚሄድ ድምፅ። ጋሼ ከ9,000 ሄርዝ በላይ አይሰሙም፤ በዕድሜያቸው የሚጠበቅ ነው። ልጅቷ 17,000 ደርሳለች። ቲታኒየሙ ከሐሩ በግልጽ የሚበልጠው ደግሞ ከ12,000 በላይ ነው፤ ያንን ብልጫ ጋሼ የሚሰሙበት ጆሮ የላቸውም። በሚሰሙት ክልል፣ ከ2,000 እስከ 8,000፣ ሐሩ ይበልጥ ለስላሳ መስመር ነበረው። ይህን ስነግራቸው ይከፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። «በቀረኝ ጆሮ የሚበጀኝን አድርግልኝ» አሉኝ።

የሐሩን ጥንድ አስገባሁ። ሁለቱንም የደረቁ ካፓሲተሮች በ4.7 የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ተካሁ። አዲሶቹ ትዊተሮች ከዎፈሩ በ3 ዴሲቤል ስለሚበልጡ ባለ 5 ዋት የሴራሚክ ሬዚስተሮችን፣ 2.2 ኦም በተከታታይ፣ 18 ኦም በትይዩ፣ አደረግሁ፤ ይህ 2.9 ዴሲቤል ይቀንሳል። ፕላስና ማይነሱን ለማረጋገጥ በሁለቱም አቅጣጫ ለካሁ። አንዱ ሲሆን በ3,000 ሄርዝ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተፈጠረ፤ ዎፈሩና ትዊተሩ እየተሻሩ ነው። ሲገለበጥ ጉድጓዱ ተሞላ። እንደዚያ አሰርኩት።

የመጨረሻው ልኬት ላይ ግራና ቀኝ ከ2,000 እስከ 12,000 ሄርዝ በ1 ዴሲቤል ውስጥ ገቡ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ቦታው መልሰው የማሲንቆውን ሸክላ አስቀመጡ። መሃል ላይ፣ ከቡፌው መስታወት ፊት፣ ቆሞ ሰማነው። የቲታኒየሙን ጥንድ የልጅ ልጃቸው ወሰደችው፤ ለራሷ ክፍል ሳጥን እንድንሠራ እሑድ ተቀጣጥረናል፣ ሰሌዳውና ማይኩም እዚያው ናቸው።